ከቱቦው በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሕክምና ተማሪ ኦፕሬሽን ክፍል ደጃፍ ላይ ጠብቃ፣ «ዶክተር፣ ሎግቡኬ እንዲፈረምልኝ ስንት ቱቦ ማስገባት አለብኝ?» አለችኝ። ሎግቡክ ተማሪ የሠራውን የሚያስፈርምበት መዝገብ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ታካሚው እንዲተነፍስ በአፉ ወደ አየር ቧንቧው የሚገባው ነው። ቁጥሩን ነገርኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ያስተማርኩት በቁጥር ነበር። አፍና አፍንጫ ላይ የሚገጠመውን ማስክ የምይዘው እኔ፣ ኦክስጅኑን የምሰጠው እኔ፤ ታካሚው ሲደላደል «በል ና፣ አስገባ» እላለሁ። ከነዚያ ልጆች አንዱ እጁ የተባረከ ነበር። በመጀመሪያ ሙከራው ሲያስገባ በጓደኞቹ ፊት አመሰገንኩት።

ተመርቆ ገጠር ደረሰው። አንድ ሌሊት ደወለልኝ። ኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ የያዛት ነፍሰ ጡር እየተንቀጠቀጠች መጣች፤ ዋናው መድኃኒት ማግኒዚየም ስላልነበራቸው ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ሰጧት። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ትንፋሿም አብሮ ቆመ። ልጁ ቱቦ ለማስገባት ጉሮሮ የሚታይበትን ላሪንጎስኮፕ አነሳ። ጉሮሮዋ አብጦ ምንም አላየም። ደገመ፤ ቱቦው ጨጓራ ገባ። ሦስተኛም ሞከረ። አልተረፈችም።

«አምቡ ባግ አልነበረም?» አልኩት።

«ነበር። አጠገቤ ነበር» አለኝ። ማስክ ላይ ተገጥሞ በእጅ ሲጨመቅ ያለ ቱቦ አየር የሚሰጠው ባግ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚታገሠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ፈተና ላይ በትክክል ጽፎልኝ ነበር።

እኔን ያስተማሩኝ ሰው፣ በትንፋሽ በሚሰጠው ማደንዘዣ በሃሎቴን ዘመን፣ ከኋላዬ ቆመው ጣቶቼን በጣታቸው እያስተካከሉ ኦፕሬሽኑ እስኪያልቅ ማስክ ያስይዙኝ ነበር፤ እጄ እስኪዝል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ማስኩን ከላይ ይጫናሉ፤ ሦስቱ ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ወደ ላይ ያነሳሉ። ከአገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከተጫናችሁ ምላሱን ወደ ላይ ገፍታችሁ የአየሩን መንገድ የምትዘጉት እናንተው ናችሁ። ደረቱ ከፍ ካላለ አየር አልገባም። አንድ እጅ ካልበቃ በሁለት እጅ ያዙ፤ ባጉን ነርሷ ትጭመቅላችሁ። ይህን ሁሉ በእጄ ተቀብዬ ለዚያ ልጅ ሳላስረክበው ቀረሁ።

ያሁን ልጆች ትቸኩላላችሁ። ስልክ ላይ ቪዲዮ ስላያችሁ የቻላችሁት ይመስላችኋል። ከኛ ይልቅ ግን ታነባላችሁ፤ ችኮላውንም ቢሆን ያስለመድናችሁ እኛው በሎግቡካችን ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው ደምቢያ ላይ ወባ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ ለገጠሩ ተብሎ ነው። ብዙዎቻችሁ ዛሬም የምትሄዱት ወደዚያው ነው፤ በሌሊት የሚጠራ የማደንዘዣ ባለሙያ ወደሌለበት።

ቱቦ ማስገባት አትማሩ አልልም። ከእንግዲህ ግን ማስኩን በደንብ ሳይዝ ላሪንጎስኮፕ የሚያነሳ ተማሪ እኔ ዘንድ አይኖርም። ያቺ ልጅም ሰኞ ጠዋት ማስክ ይዛ ትጀምራለች።

ያን ሌሊት ለልጁ «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ብዬው ነበር። የማን ጥፋት እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ይህን ካነበብክ ደውልልኝ፤ ስልኬ ያው ነው።