የቆሽት ካንሰርና የደም ምርመራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 47 ዓመቴ ነው፤ የሚያመኝ ነገር የለም። ጠቅላላ ምርመራ ሳደርግ ሲኤ 19-9 የሚባል የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ አብሮ ታዞልኝ ውጤቱ 52 ሆኖ መጣ። ወረቀቱ ላይ ከ37 በታች መሆን እንዳለበት ተጽፏል። ካንሰር ይዞኛል ማለት ነው?

መልስ፦ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱን በቁጥር እንየው። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች በዓመት ከ100,000 ሰው 13 ያህሉ ላይ የቆሽት ካንሰር ይገኛል። ምርመራው ከታመሙት አሥር ሰዎች ስምንቱን ይይዛል፣ ከጤነኞቹም አሥር በመቶውን በስሕተት ያስደነግጣል እንበል። 100,000 ሰው ቢመረመር 10 ሕመምተኛ ይገኛል፣ 3 ያመልጣል፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ ጤነኞች ደግሞ «ከፍ ብሏል» ይባላሉ። ከሚደነግጡት ሺህ ሰዎች ካንሰር ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ሕመም የሌላቸው 70,940 ሰዎች ተመርምረው 1,063ቱ ከወሰኑ በላይ ቢወጡም፣ የቆሽት ካንሰር የተገኘባቸው 4 ብቻ ነበሩ። የአሜሪካው የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2019 ምልክት የሌላቸው አዋቂዎች ለዚህ ካንሰር እንዳይመረመሩ የሰጠውን ምክር አጽንቷል። በእኛ እይታ ሲኤ 19-9 በጠቅላላ ምርመራ ጥቅል ውስጥ መግባት አልነበረበትም።

ሲኤ 19-9 ካንሰር ብቻውን የሚያመርተው ነገር አይደለም። የሐሞትና የቆሽት ቱቦ ሽፋን ሴሎች በጤናም ጊዜ በትንሹ የሚሠሩት የስኳር ሰንሰለት ነው። የሐሞት ጠጠር፣ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ የቆሽት ብግነት፣ የጉበት መጠጠር፣ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ካንሰር ሳይኖር እንኳ ሺህ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ቢሊሩቢንና አልካላይን ፎስፋቴዝ (የጉበትና የሐሞት መንገድ የደም ምርመራዎች)፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ) እና የሆድ አልትራሳውንድ ያሠሩ። ከአንድ ወር በኋላ ሲኤ 19-9ን ይድገሙት፤ ግን እዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው መሣሪያ። የተለያዩ አምራቾች መመርመሪያ ለአንድ ደም የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ላቦራቶሪ ቀይሮ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ትርጉም የለውም። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ያደርገዋል። ቁጥሩ ከወረደ ወይም ባለበት ከቆየና ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ነገሩ በአብዛኛው እዚያ ያበቃል። እየወጣ ከሄደ ግን ሦስተኛ ደም መስጠት ሳይሆን ለቆሽት ተብሎ የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው የሚያስፈልገው። ተራ አልትራሳውንድ «ቆሽቱ ደህና ነው» ቢልም አይተማመኑበት፤ የአንጀት አየር ብዙውን ጊዜ ይጋርደዋል።

ጥያቄ፦ ለዚህ ምርመራ በባዶ ሆድ መሄድ አለብኝ?

መልስ፦ ለሲኤ 19-9 አያስፈልግም። አብሮ የጾም ስኳር ከታዘዘ ግን ከስምንት ሰዓት ያላነሰ ይጹሙ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ በሁለት ወር ውስጥ ክብደቱ በጣም ቀንሷል። ሲኤ 19-9 ግን 2 ብቻ ነው። ካንሰር የለበትም ብለን እንረፍ?

መልስ፦ አትረፉ። ሲኤ 19-9 የተባለውን የስኳር ሰንሰለት ለመሥራት የልዊስ የደም ዓይነት ዘረ መል ያስፈልጋል። ከሰው 5 እስከ 10 በመቶው ይህ የለውም፤ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ደግሞ ወደ 22 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ዕጢው የቱንም ያህል ቢገፋ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ይቀራል። የሐሞት መንገዱ ተዘግቶ ሳለ 2 መምጣቱ ራሱ የሚያጠራጥር ነው፤ መዘጋቱ ብቻውን ከፍ ሊያደርገው ይገባ ነበርና። በዚህ ሁኔታ የደም ጠቋሚ አይጠበቅም፤ ሲቲ ስካን በአስቸኳይ ይነሣ። የሐሞት ቱቦውን ለመክፈት ማስፋፊያ ቱቦ ከታሰበም በተቻለ መጠን ስካኑ ይቅደም። ቱቦው ከገባ በኋላ የሚፈጠረው ብግነት ምስሉን ያደበዝዛል፣ ዕጢው ለቀዶ ሕክምና ይመች አይመች እንደሆነም መለየት ያስቸግራል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ኢንፌክሽን ስለሚሆን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ከአራት ወር በፊት የስኳር በሽታ ጀመረኝ፤ በቤተሰባችን ማንም የለበትም። ሳልፈልግ 6 ኪሎ ቀንሻለሁ። ይመለከተኛል?

መልስ፦ አዎ፣ እርስዎን ይመለከታል። ከ50 ዓመት በኋላ ስኳር አዲስ ከጀመራቸው ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ አንዱ ያህል የቆሽት ካንሰር ይገኝበታል። ከላይ ያደረግነውን ስሌት በእነዚህ ላይ እንድገመው፦ ከ1,000 ሰው 10 ታማሚ አለ፣ ምርመራው 8ቱን ይይዛል፣ 99 ጤነኞችን ያስደነግጣል። ከፍ ካለባቸው 13 ሰዎች አንዱ ታማሚ ነው ማለት ነው፤ ቅድም ግን ከሺህ አንድ ነበር። ምርመራው ያው ነው፣ የተመረመሩት ሰዎች ናቸው የተለዩት።

የክብደቱ ነገር ደግሞ አደጋውን ይጨምራል። ዓይነት ሁለት ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከክብደት መጨመር ጋር ነው የሚመጣው። ስኳሩ እየወጣ ክብደቱ የሚወርድ ከሆነ ቆሽቱ ራሱ ሊታይ ይገባል። እርግጥ በጣም ከፍ ያለ ስኳርም በሽንት እየወጣ ያከሳል፣ አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶችም ክብደት ይቀንሳሉ። ክብደቱ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ነው የቀነሰው ወይስ በኋላ? ቀኑንና ኪሎውን ጽፈው ለሐኪምዎ ይስጡ። የእኛ ሐሳብ ሲኤ 19-9 ዝቅ ብሎ ቢመጣም ስካኑ እንዳይቀር ነው።

ጥያቄ፦ በደም ውስጥ የዕጢን ዲኤንኤ የሚፈልግ አዲስ ምርመራ እንዳለ አነበብኩ። ካንሰሩን ገና ሲጀምር ይይዘዋል?

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከቆሽት ካንሰሮች 90 በመቶ ያህሉ ኬራስ በሚባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ ስላላቸው ምን እንደሚፈለግ ይታወቃል። ችግሩ ያለው ብዛቱ ላይ ነው። ትንሽ ዕጢ የሚለቀው ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ10 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ አንዲት ቁራጭ እንኳ ላትገኝ ትችላለች። ቱቦው ውስጥ ያልገባን ነገር የትኛውም መሣሪያ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቀዶ ሕክምና የሚቻላቸው 221 ሕመምተኞች ተመርምረው የኬራስ ለውጥ በደማቸው የታየው በ30 በመቶው ብቻ ነበር። ሲኤ 19-9ና ሌሎች ፕሮቲኖች ሲታከሉበት ወደ 64 በመቶ ወጣ። ጠቋሚዎቹ ተደጋግፈው እንደሚሠሩ ያሳያል፤ ከሦስቱ አንዱ ግን አሁንም ያመልጣል።

የሚያበላሹትም ነገሮች አሉ። በዕድሜ የገፋ ጤነኛ ሰው የደም ሴሎች የራሳቸውን ለውጥ ያጠራቅማሉ፣ ካንሰር መስለው ይታያሉ፤ ጥንቁቅ ላቦራቶሪ የነጭ የደም ሴሎቹን ዲኤንኤ ጎን ለጎን የሚያነበው ለዚህ ነው። ደሙ በተራ ኤዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ያለበት) ቱቦ ተቀድቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ካልተለየ ነጭ ሴሎቹ ይፈነዱና ዲኤንኤያቸው የዕጢውን ይውጠዋል። ፕላዝማውን ሳይለዩ ደሙን በረዶ እስኪሆን ማቀዝቀዝም ያው ጥፋት ነው። ቀናት የሚያቆይ የራሱ ቱቦ አለው።

ማስታወቂያው «95 በመቶ ትክክል» ካለ ይጠይቁ፦ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ካሉት ስንቱን ያዘ? የተወዳደሩት ከወጣት ጤነኞች ጋር ነው ወይስ የቆሽት ብግነትና ስኳር ካለባቸው ጋር?

ጥያቄ፦ እናቴም ወንድሜም በቆሽት ካንሰር ታመዋል። በየዓመቱ ምን ዓይነት ደም ልስጥ?

መልስ፦ የእርስዎ ክትትል በዋናነት በምስል ነው። ሁለት የቅርብ የሥጋ ዘመዶች ስላሉብዎ፣ ከ50 ዓመት ወይም ቤተሰቡ ውስጥ በትንሹ ዕድሜ የታመመው ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ (የቀደመው የቱም ይሁን) ክትትሉ ይጀመራል። በየዓመቱ ኤምአርአይ ወይም በኢንዶስኮፒ የሚገባ አልትራሳውንድ ይደረጋል፤ ሁለቱን ማፈራረቅ የተለመደ ነው። ከደም በኩል የጾም ስኳር ወይም ኤችቢኤዋንሲ አይቅር። ሲኤ 19-9 የሚጠየቀው ምስሉ ላይ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የዘር ምርመራ ይቅደም፤ ቢአርሲኤ 2፣ ኤቲኤም፣ ፓልቢ 2፣ ሲዲኬኤን 2ኤ እና የመሳሰሉት ዘረ መሎች ይታያሉ። ከታመሙት በሕይወት ያለ ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው እሱ ነው። በእሱ ላይ የተገኘ ለውጥ እርስዎ ላይ ከሌለ የአደጋው መጠን በእጅጉ ይወርዳል። ታማሚው ሳይመረመር እርስዎ ላይ ብቻ «አልተገኘም» ቢባል ግን ክትትሉን ለማቆም አይበቃም።