ለአማትሽ ቦአዝኬሬ ብቻውን እንዳትወስጂ

እህቴ፣ ከኢስታንቡል ለአማትሽ ቀይ ወይን ልትወስጂ እንደሆነና የቱርክ የወይን ዘር ብቻ ያለበትን ወይስ እንደ ካቤርኔ ካሉ የፈረንሳይ ዘሮች ጋር የተቀላቀለውን ልግዛ ብለሽ ለጠየቅሽው፦ የተቀላቀለውን። እኔ በገንዘቤም በክብሬም ከፍዬ ነው የተማርኩት።

1. መጀመሪያ የስሙን ትርጉም ጠይቂ። ቦአዝኬሬ ማለት «ጉሮሮ አቃጣይ» እንደማለት ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ያለችው የዲያርባኪር ወይን ነው። ሰዎቹ ስም ሲያወጡ አስጠንቅቀው ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ሻጩ «የተቀላቀለው ለቱሪስት ነው፤ እውነተኛው ይሄ ነው» አለኝ። ቱሪስት መባል አልፈለግኩም። ሦስት ጠርሙስ ገዛሁ።

ለፋሲካ አማቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። ይባስ ብዬ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬዋለሁ። ከዶሮ ወጡ ጋር ተቀዳ። አማቴ አንዴ ጎንጨት አሉና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ኮሶ ነው እንዴ?» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እስከ ዛሬ የባለቤቴ እህቶች «ኮሶ አምጪው» ይሉኛል።

በኋላ ነው የገባኝ። ወይኑ ውስጥ ያለው አፍ የሚያደርቀው ታኒን ሲቀዘቅዝ ይብስበታል። በርበሬ ሲጨመርበትማ ያው ታውቂዋለሽ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ደረብኩበት። ወይኑ መጥፎ አልነበረም፤ ቆይቶ ከሰባ የበግ ጥብስ ጋር ቢቀርብ ኖሮ ሌላ ታሪክ እነግርሽ ነበር።

2. ኦኩዝጎዙ የሚባለውን የወይን ዘር ፈልጊ። «የበሬ ዓይን» ማለት ነው፤ ፍሬው ትልቅና ጥቁር ነው። አገሩ በምሥራቅ ቱርክ ያለችው ኤላዚ ናት። ለስላሳ ነው፣ ደስ የሚል ኮምጣጣነት አለው። ቱርኮቹም ቦአዝኬሬን ለብቻው ከማቅረብ ይልቅ ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ያጋቡታል። ኦኩዝጎዙ ከፈረንሳይ ዘሮች ጋር ሲቀላቀል ደግሞ፣ ሜርሎ ይበልጥ ያለሰልሰዋል፣ ካቤርኔ ሶቪኞ ያጠነክረዋል፣ ሺራዝ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ እንዲል ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው የቱርክ ወይን ጠማቂ ዶሉጃ «ካርማ» የሚል ቅልቅል አለው። እኔ የህንዱ ካርማ መስሎኝ ነበር፤ በቱርክኛ «ቅልቅል» ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ኦኩዝጎዙ ከሜርሎ ጋር የተቀላቀለ ወሰድኩ። ፍሪጅ ውስጥ ያቆየሁት ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። አማቴ ራሳቸው ጠርሙሱን አንስተው ደገሙ። ባለቤቴን ጠይቂያት፣ ምስክር ናት።

እና ሰዓቱ! እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ የቱርክ ሱቆች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አልኮል አይሸጡም። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ እነሱ ግን የምሽቱን 4 ሰዓት 22 ይሉታል። በነጋታው ልበር፣ ማታ ሱቁ ጋ አምስት ደቂቃ አርፍጄ ደረስኩ። ባለ ሱቁ ስልኩን እያየ እንደ ዝንብ በእጁ አባረረኝ። «ነገ እሄዳለሁ» ብዬ ብነግረውም ቀና እንኳ አላለም። በማግስቱ አየር ማረፊያ ውስጥ ያለውን ገዝቼ ስሄድ ዋጋው አሳቀቀኝ። አንቺ ቀን ግዢ።

ከከተማ የገዛሽውን በእጅ ሻንጣ አትያዢ፣ ፍተሻ ላይ ይወሰድብሻል። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልለሽ አስገቢው። ጥቁር ልብስ ይሁን። የእኔ ነጭ ሸሚዝ አሁን የወጥ ቤት ጨርቅ ሆኗል።