«ጨጓራው ነው» ብለው ያመጡት ልጅ

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጀማሪ ነርስ ነኝ። በቅርቡ ማታ አንድ ወጣት በቃሬዛ አመጡልን። ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ፈዟል። ቤተሰቡ «ጨጓራው ነው» አሉ። ቆይተን ስኳሩን ስንለካ መሣሪያው «ሃይ» አለ፤ ከሚለካው በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ላክነው፤ ተርፏል። ሲስተር፣ እንዲህ ዓይነት ታማሚ ሲመጣ መጀመሪያ ምኑን ልይ? እባክዎ ያስረዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰብ የነገረሽን የበሽታ ስም ስሚው፣ ግን አትመኚው። የፈዘዘ ሰው ከመጣ አተነፋፈሱን አይተሽ ወዲያው ስኳሩን ለኪ። ስኳር አለበት ባይባልም ለኪ። ብዙ ወጣት ስኳር እንዳለበት የሚታወቀው እንዲህ ወድቆ ሲመጣ ነው።

ጣቱን ግን መጀመሪያ እጠቢው። ጣፋጭ ነገር ነክቶ ከሆነ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። የመንዝን ብርድ ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም። የቀዘቀዘ ጣት ደም አይሰጥም፤ መለኪያውም በጣም ከበረደው ኤረር ይላል። ጣቱን አሙቂ፣ መሣሪያውንም መስኮት ላይ አታሳድሪ።

ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። ሰክሯል ተብሎ የሚተው አለ! መዋጥ ከቻለ ስኳር በጥብጠሽ ስጪው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም እንዳትሰጪ፤ ባለ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳሩን ደግመሽ ለኪ። ስትሪፕ (የመለኪያው ወረቀት) ካለቀ (ያልቃል፣ እናውቃለን) ወርዷል ብለሽ ያዢው። የወረደ ስኳር አንጎል ለመጉዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ስኳሩ ከፍ ካለ ግን ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ዳገት እንደወጣ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት እየተነፈሰ ሳንባው ሲደመጥ ንጹሕ ከሆነ፣ ደሙ አሲድ በዝቶበት ይሆናል። የልጁ ሆድ ሕመምና ማስመለስም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ሽንቱን በዲፕስቲክ (በመመርመሪያ ወረቀት) ለኬቶን እዪ፤ ኬቶን ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ነው። ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የምላሱን ድርቀት መዝግቢ። ሙቀቱንም፤ ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚቀሰቅሰው ኢንፌክሽን ነው። አይቪ (የደም ሥር መስመር) ክፈቺና ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ ፈሳሽ) በትእዛዝ ይጀመር። ኢንሱሊን ላይ አትቸኩሉ። በደሙ ያለው ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ዝቅ ያለ ሰው ኢንሱሊን ከተሰጠው ይባስ ይወርድና ልቡን ያውካል።

አስታማሚውን ሳትጠይቂ እንዳትለቂው፦ መጨረሻ የበላው መቼ ነው? ኢንሱሊን የተወጋውስ? በተለይ በጾም ሰሞን «ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ» ብሎ ኢንሱሊኑን የሚያቆም አለ፤ ስኳሩ ይወጣል። ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም አለ፤ የሱ ይወርዳል። ሁለቱንም ሰዓት ሪፈሩ (የመላኪያ ወረቀቱ) ላይ ጻፊ። አምቡላንስ ውስጥም መለኪያውና ግሉኮሱ አብረው ይሂዱ።