የጠበበውን ልብስ ላስቀምጥ ወይስ ልስጥ?

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ወሩ ነው። የጠበቡትን ልብሶች ሦስት ትልልቅ ፌስታል ሞልቼ አልጋ ሥር ከትቻቸዋለሁ። ባለቤቴ «ለሚፈልግ ሰው ስጪና ተገላገይ» ይለኛል። እኔ ግን ላጣራ ብዬ አንዱን ፌስታል በፈታሁ ቁጥር፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ፣ ሁሉንም መልሼ አስሬ እነሳለሁ። ሁለተኛ ልጅ እንወልድ እንደሆነ ገና አልወሰንንም። የትኛውን ላስቀር? የማስቀረውንስ እንዴት ላስቀምጠው?
— ፌስታል ያሸነፋት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽም አልተሳሳተም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም። የምትከራከሩት ስለ ሁለት ዓይነት ልብስ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ለትዝታ የሚቀመጥና ለሚወለድ ልጅ የሚቀመጥ ተደባልቋል። ሁለቱ የሚመረጡበት ሚዛን ለየቅል ነው። መጀመሪያ እነሱን ለያቸው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው።

ከትዝታው እንጀምር። «ቆንጆ ነው» ወይም «ውድ ነበር» የሚለውን እርሺው። ልብሱን ስታነሺው አንድ የተወሰነ ቀን ፊትሽ ላይ ድቅን ይላል ወይ? ካላለ ለትዝታ አይሆንም። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። የሦስቱም ትዝታ አንድ የጫማ ካርቶን በምታህል ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሰባት ልብስ ብቻ። ከሁሉም የምወደው የሁለተኛዋ ልጄ ግራጫ ቱታ ነው። ቀኝ ጉልበቱ ተበልቶ ቀዳዳ ሆኗል፣ ግራው ግን አዲስ ነው። ስትድህ በግራ እግሯ እየገፋች ቀኝ ጉልበቷን ትጎትት ነበር። ያን ቱታ ለሚወለድ ልጅ ብዬ ባየው ኖሮ እጥለው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የምትለብሰው ነጭ ቀሚስ ግን ምንም አያስታውሰኝም። ሁለት ጊዜ ለብሳው ሁለቴም አልቅሳበታለች። ሰጠሁት።

ለሚመጣው ልጅ ስትመርጪ ግን ጨከን በይ። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ቁመቱ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ክብደቱ ሲወለድ ከነበረው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልብሶች ሳይነኩ ነው የሚጠቡት። እነሱን በብዛት አስቀሪ። መዳህና ራሱ መብላት ከጀመረ በኋላ የለበሰው ብዙው ጉልበቱ አልቋል፣ ደረቱ በምግብ እድፍ ተበላሽቷል። ከዚያ ጥቂቱ ይበቃል። ወፍራም ጃኬትና ሹራብ ላይም አትመኪ፤ የሚቀጥለው ልጅ በሌላ ወቅት ከተወለደ ጃኬቱ ልክ የሚሆነው ሙቀት ላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ በአንድ በእጅሽ ፈትሺ። የወገቡን ላስቲክ ሳቢና ልቀቂው፤ ካልተመለሰ ወይም ቀጭ ቀጭ ካለ ሞቷል። ቁልፎቹን ጎተት ጎተት አድርጊ፤ የላላ ቁልፍ ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል። ኮፍያ ላይና አንገት ላይ ያለ ማሰሪያ ገመድ ካለ መዘሽ አውጪው። ሕፃናት ስለታነቁበት የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 አምራቾች እንዲተዉት መመሪያ አውጥቷል። የቆየ ልብስ ላይ ግን አሁንም ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። እዚህ ላይ ጉዴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጄን ልብሶች «ንጹሕ ናቸው» ብዬ፣ አንዳንዱን አንዴ ለብሶት የነበረውን ሳላጥብ፣ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስከፍት የአንገቱ ዙሪያ ሁሉ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። ወተት ነው። ሲደርቅ ለዓይን አይታይም፤ ጨርቁ ውስጥ የቀረው ስብና ፕሮቲን ግን ከአየር ጋር እየቆየ ይበልዛል። ስለዚህ የሚቀመጠው ሁሉ እንደገና ይታጠብ፣ ንጹሕ የሚመስለውም ጭምር።

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው። ሙቅ ውሃ የእንቁላሉን ነጭ እንደሚያረጋው ሁሉ ወተቱንም ጨርቁ ላይ ያረጋዋል። ከዚያ ኢንዛይም፣ ማለትም እንደ ወተት ያለውን እድፍ የሚሰባብር ንጥረ ነገር፣ ያለው የልብስ ሳሙና ተጠቀሚ። ሱፍና ሐር ከሆነ ግን ያው ኢንዛይም ክሩን ራሱን ስለሚበላው ለስላሳ ሳሙና ይሻላል። በረኪና አይንካው፤ ላስቲክ ይገድላል፣ ሱፍ ያበልዛል። ስታርችና ማለስለሻም ይቅር። በደንብ አለቅልቂው።

ማድረቁ ላይ አትቸኩዪ። ሻጋታ የሚጀምረው ደርቋል ከተባለ ልብስ ነው። የወገቡን እጥፋት፣ የአንገቱን ድርብ፣ የካልሲውን ጫፍ ጨመቅ አድርገሽ ዳብሺ። ከቀዘቀዘሽ ገና እርጥብ ነው። እኔ ዛሬ የደረቀውን ነገ ነው የማስገባው።

ፌስታሉን ተዪው። አየር ያፍናል፣ ይቀደዳል። ካርቶንም ለረጅም ጊዜ ጥሩ አይደለም፤ ውስጡ ያለው አሲድ ነጩን ልብስ ያበልዛል። ክዳን ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጊ። ሥሩን ገልብጠሽ እዪ፤ በሦስት ቀስት መሃል 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነውና ይሆናል። ውስጡን ታጥቦ በለሰለሰ አሮጌ ነጭ አንሶላ አልብሺው። ከባዱን ከታች፣ ሹራቡን ከላይ፣ ሳትጠቀጥቂ። መርፌ ቁልፍ የተሰካበት ካለ ንቀይው፤ ይዝጋል። ሳጥኑን ከጣሪያ ሥርም ሆነ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ አርቂው። አልጋ ሥር ይሆናል፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ካለ።

ሱፍ ካለሽ ብል ነው ጠላቱ። የሚበላው የሚበረው ቢራቢሮ አይደለም፣ ትሉ ነው። ንጹሕ ጥጥን ብዙም አይነካም፤ ላብና ምግብ ያለበት ሱፍ ግን ድግሱ ነው። ከጠረጠርሽ ልብሱን በፌስታል አጥብቀሽ እሰሪና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ሳምንት አቆይው። ስታወጪው ቶሎ አትፍቺው፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂ። ጤዛው ልብሱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ይቀመጣል።

ደግሞ በመጠን ለያይተሽ አስቀምጪ። እኔ ሱሪ ለብቻ፣ ካልሲ ለብቻ፣ ኮፍያ ለብቻ ብዬ ነበር። ሁለተኛዋ ስትወለድ አንድ ሱሪ ፍለጋ ሌሊት አምስት ሳጥን ከፈትኩ፤ አራስ ነበርኩ፣ አለቀስኩ። ሳጥኑ ላይ «እስከ 3 ወር» ብለሽ ጻፊ፣ በቃ። ልብሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ልጅሽ በስንት ወሩ እንደለበሰው ይበልጥሻል።

ስላልወሰናችሁት ነገር፦ ላስቲክ እናንተን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በየዓመቱ አንድ ቀን ሳጥኑን ክፈቺ፣ አናፍሺ፣ እጥፉን ቀይሪ፣ ያረጀውን አውጪ። እስክትወስኑ ለእህትሽም ለጓደኛሽም ልታውሺ ትችያለሽ። ቢጠፋ የሚያስለቅስሽን ግን አታውሺ። እሱ ወደ ትንሿ ሳጥን ይግባ።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ልብሶች አማቴ ናፍታሊን ጨምረው አስቀምጠውልኝ ነበር። ስከፍተው ሽታው ራስ ያዞራል። ሳጥበው ይለቃል?
— ሽታው ያስጨነቃት

መልስ፦ አንዴ በማጠብ ላይለቅ ይችላል። ነገሩን ቀለል አድርገሽ አትዪው። ናፍታሊን ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን የሚሆን ነገር ነው። ያ የሚሸትሽ ሽታ ራሱ ናፍታሊኑ ነው፤ ሽታው ካለ ልብሱ ላይ አለ ማለት ነው። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ናፍታሊን ሲያገኛቸው ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርስባቸዋል፤ በናፍታሊን ውስጥ የቆየ ልብስ ለብሰው ወይም ብርድ ልብስ ተከናንበው የታመሙ አራስ ሕፃናት አሉ። ልጅሽ ይህ ችግር ይኑርበት አይኑርበት ሲወለድ በዓይን አይታወቅም። ቆዳው ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ከገረጣ፣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ስለ ናፍታሊኑም ንገሪው።

አንቺም ሽታውን አትተንፍሺ። ሌላ ሰው ኳሶቹን ለቅሞ ያስወግድ፤ ታላቁ ልጅሽ ከረሜላ መስሎት እንዳይውጠው። ልብሱ ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለብዙ ቀን ይሰጣ፤ ከዚያ ይታጠብ፣ እንደገና ይሰጣ። አማትሽን አትቆጪያቸው፤ እሳቸው ልብሱን ከብል አድነውልሻል። ለወደፊቱ ግን ታጥቦ የደረቀና በክዳን የተዘጋ ይበቃል በያቸው።

ለቅቆ እንደሆነ የምታውቂበት መንገድ ይኸውልሽ። የደረቀውን ልብስ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ አስረሽ አሳድሪው። ጠዋት ባለቤትሽ ፈትቶ ያሽትተው። ከሸተተው ወደ ደጅ ይመለስ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁም ካልለቀቀ ለሕፃን አይሁን።