ጦርነቱን ያልጠራው የደሪ ዘፈን፦ ስለ «ቲንኤጅ ኪክስ» ጥያቄና መልስ

ፓንክ ሮክ እወዳለሁ ስል የሚስቁብኝ አሉ። ጩኸት ብቻ ይመስላቸዋል። እነሱን መጀመሪያ የማሰማቸው «ቲንኤጅ ኪክስ»ን ነው። ዘ አንደርቶንስ የተባለ የሰሜን አየርላንድ ባንድ ሥራ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን ጻፈው? ስለምንድን ነው?

መልስ፦ ጊታሪስቱ ጆን ኦኒል፣ በ1977፣ ደሪ ከተማ። ባንዱ አምስት ልጆች ነበሩት። ጆንና ዴሚየን ወንድማማቾች ናቸው፤ የሚዘፍነው ፈርጋል ሻርኪ ነው። ግጥሙ ምንም ውስብስብ የለውም። አንድ ልጅ የሰፈሩን ልጅ ወዷል። ብቻዬን ነኝ፣ ደውዬ ልጥራት ይላል። በቃ።

ጥያቄ፦ ደሪ ያኔ በጦርነት ውስጥ አልነበረችም እንዴ? ስለሱ ለምን አልዘፈኑም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እነሱም ስንት ጊዜ ተጠይቀዋል! ሰሜን አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር ትቆይ ወይስ ከአየርላንድ ትቀላቀል በሚል ያኔ ደም ይፈስ ነበር። በ1972 የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፈኛ ላይ ተኩሰው በአንድ ቀን 13 ሰው የገደሉት እዚያው ደሪ ነው። ልጆቹ ያደጉት ወታደር በየመንገዱ ሲያዩ፣ ፍንዳታ ሲሰሙ ነው። የለንደን ፓንኮች ስለ ሁከት ሲዘፍኑ፣ ሁከቱ ደጃቸው ላይ የነበረው እነዚህ ግን ስለ ሴት ልጅ ዘፈኑ። ሽሽት ነው የሚል አለ። እኔ አይመስለኝም። ተኩስ እየሰማ ያደገ ልጅም ፍቅር ይይዘዋል፤ ስልክ ለመደወልም ያፍራል። ደግሞ ጭራሽ ዝም አላሉም። በ1981 ከእንግሊዝ መላቀቅን የሚሹ ታጣቂዎች እስር ቤት ውስጥ ያደረጉትን የረሃብ አድማ የሚነካ ዘፈን አውጥተዋል፤ እሱንም እንደ ቅኔ ሰሙን ተራ ዘፈን አስመስለው፣ ወርቁን ከሥር ደብቀው።

ጥያቄ፦ «ቲንኤጅ ኪክስ»ን ያስቀረጹበትን ገንዘብ ማን ሰጣቸው?

መልስ፦ ቤልፋስት ውስጥ ጉድ ቫይብሬሽንስ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ ቴሪ ሁሊ፣ እኛም አገር እንደሚታወቀው፣ መሸጡን ከማሳተሙ ጋር ይሠራ ነበር። ጁን 1978 ላይ በ200 ፓውንድ ገደማ አራት ዘፈን ተቀረጸ። የሸክላው ልባስ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ሁሊ ሸክላውን ይዞ ለንደን ወረደ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊት ነሱት።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ አቅራቢው ጆን ፒል በሬዲዮ ሁለቴ አከታትሎ አጫወተው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሴፕቴምበር 1978፣ ቢቢሲ ሬዲዮ 1። ዘፈኑ አለቀ፣ ሰውየው ደገመው። ብዙም ሳይቆይ ሳየር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አስፈረማቸው። በእንግሊዝ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ ግን ከ31ኛ አላለፈም። ፒል በ2004 ፔሩ ውስጥ ሞተ። በሕይወት ሳለ እንደተመኘው፣ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከዚሁ ዘፈን አንድ ስንኝ ተቀርጾለታል። 31ኛ የወጣ ዘፈን!

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ጊታር ተጫዋች ይከብዳል?

መልስ፦ ኧረ አይከብድም። ጥቂት ኮርድ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል። የሚከብደው የሻርኪ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። እሱን አትሞክረው።

ጥያቄ፦ አሁን የት ደረሱ?

መልስ፦ በ1983 ተበተኑ። ሻርኪ በ1985 ለብቻው አንደኛ የወጣ ዘፈን ሠራ። ዛሬ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ፍሳሽ የሚለቁ የእንግሊዝ የውሃ ኩባንያዎችን ይሞግታል። ሌሎቹ በ1999 ያለ እሱ እንደገና ተሰባሰቡ።

ጥያቄ፦ «ቲንኤጅ ኪክስ» የወጣቶቹ የፖፕ ባንድ የዋን ዳይሬክሽን ዘፈን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይ! እነሱ በ2013 ለበጎ አድራጎት ብሎንዲ ከተባለው ባንድ ዘፈን ጋር ቀላቅለው ዘፈኑት፤ አንደኛም ወጡበት። የእህቴ ልጅም እንዳንተ ተከራክራኛለች። ዋናውን ከፈትኩላት። «ቀረጻው ጥራት የለውም» አለችኝ። በ200 ፓውንድ ምን ትጠብቂ ነበር አልኳት።