በቴሌግራም ቦት ስለሚወርዱ ስቶክ ፎቶዎች የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ዲዛይን የምትሰሩ ልጆች ስቶክ ፎቶ (ለዲዛይን የሚሸጥ ዝግጁ ፎቶ) ከሹተርስቶክ፣ ከፍሪፒክ ምናምን ሳይከፍሉ በቦትና በዳውንሎደር ስለማውረድ ብዙ ጠይቃችኋል፣ በየተራ እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ ቦቱ ያለ ዋተርማርክ (ፎቶው ላይ ከሚታተመው የሻጩ ምልክት ውጭ) ኦሪጅናሉን ይሰጠኛል፣ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?
ወንድሜ ፋይሉን ነው እንጂ ላይሰንሱን፣ ማለትም ፎቶውን የመጠቀም ፈቃዱን፣ አልሰጠህም። ላይሰንስ በገዛው ሰው አካውንት ነው የሚመዘገበው፣ ቦቱ የሚያወርደው ደግሞ በማን አካውንት እንደሆነ አታውቅም፣ ነገ ደንበኛህ ማስረጃ አምጣ ቢልህ ምን ታሳየዋለህ?

ጥያቄ፦ ለትንሽ ስራ ማን ያገኘኛል?
ፌስቡክና ዌብሳይት ላይ ከተለጠፈ ሶፍትዌር ያገኘዋል። ትልቁ ፎቶ ሻጭ ጌቲ ኢሜጅስ እኮ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ምስል ፈልጎ የሚያገኘውን ፒክስካውትን በ2011 እ.ኤ.አ ገዝቶታል፣ ክሮፕ ስላደረግከው ብቻ አያመልጥም። በተለይ ደንበኛህ አሜሪካ ከሆነ በጣም ተጠንቀቅ፣ እዛ የቅጂ መብቱ በጊዜው ለተመዘገበ ለአንድ ስራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ሊፈረድ ይችላል፣ ካሳ ክፈል የሚለው ደብዳቤ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአንተ ሳይሆን አምኖ ለከፈለህ ሰው ነው፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ ህግ አለ እንዴ?
አለ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ፎቶግራፍንም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ብሮውዘሬ ላይ ፎቶ የሚያወርድ ኤክስቴንሽን ብጭንስ? ፓስዎርዴን አልሰጠሁትም
እህቴ ፓስዎርድ አያስፈልገውም። የከፈትሽውን ገፅ ሁሉ አንብብ የሚል ፈቃድ ከሰጠሽው ሎግኢን ያደረግሽበትን ኩኪ (ሳይቱ አንቺ መሆንሽን የሚያስታውስበትን ዳታ) ሊወስድ ይችላል፣ በዛ ኩኪ ከፓስዎርድ ቀጥሎ የሚጠየቀውን ሁለተኛውን ኮድ እንኳን ሳይጠየቅ ይገባል። አንቺ ደግሞ የስንት ደንበኛ ፔጅ አድሚን ነሽ! ዳውንሎደር ተብሎ የሚመጣ ኤግዚ ፋይል፣ በተለይ አንቲቫይረስ አጥፊ ካለሽ፣ ጨርሶ እንዳትነኪው። የጫንሽው ካለ ዛሬውኑ አጥፊውና ከሁሉም ዲቫይስ ሎግአውት አድርገሽ ፓስዎርድ ቀይሪ።

ጥያቄ፦ የዶላር ካርድ የለንም፣ ምን እናድርግ?
ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፣ ገብቶኛል። አንስፕላሽ፣ ፔክስልስና ፒክሳቤይ ለቢዝነስም በነፃ ይፈቅዳሉ፣ ብቻ የሰው ፊት ወይ ሎጎ ያለበትን ለማስታወቂያ ስትጠቀሙ አስቡበት። ፍሪፒክ ነፃውን ስትወስዱ ስማቸውን ጥቀሱ ይላል። ደንበኛው ውጭ ከሆነ በራሱ ካርድ በራሱ አካውንት ይግዛ፣ ላይሰንሱም የሱ ይሆናል። ለቡና ቤት ሜኑ ከሆነ ደግሞ ሄዳችሁ በስልክ አንሱ፣ የፈረንጅ ስቶክ ላይ የኛን ጀበናና ረከቦት ከመፈለግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እስካሁን የሰራሁትስ?
አሁንም ኦንላይን ላይ ያለውን ቀይረው፣ ለደንበኛህም ንገረው፣ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ካንተ ይስማ።