ሒሳብ በሃይላንድና በታክሲ ሰልፍ፦ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሰፈራቸው ውስጥ ያለ አንድ ነገር ለክተው በሒሳብ እንዲገልጹት አደርጋለሁ፤ ይሄ ሞዴሊንግ ይባላል። ስለዚህ ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሶቼ እነሆ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮዬ ፈጬ፦ ቲቸር፣ ሞዴሊንግ ከወርድ ፕሮብሌም በምን ይለያል?

ወርድ ፕሮብሌም ላይ ቁጥሩ ሁሉ ተሰጥቶሃል። እዚህ ግን ቁጥሩን ራስህ ታመጣለህ፤ የቱን እንደምትይዝ፣ የቱን እንደምትተውም ራስህ ትወስናለህ። ከባዱ ይሄ ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፉን እይ። በደቂቃ 4 ሰው ቢሰለፍና 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በየ4 ደቂቃው ቢመጣ፣ ሰልፉ በየደቂቃው በ1 ሰው ይረዝማል። ዝናቡን፣ የሚጋፋውን ሰው፣ ሞልቶ የሚያልፈውን ታክሲ ለጊዜው ተዋቸው። ከዚያ ሄደህ ቁጠር። ካልገጠመልህ ከተውካቸው አንዱን መልሰህ አስገባ።

የሒሳብ መምህር፣ ሰበታ፦ ላብራቶሪ የለንም፤ ክፍሉ ደግሞ 60 ተማሪ ነው። ከየት ልጀምር?

ከሃይላንድ ይጀምሩ። ወገቡ ያልጠበበ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ ሚስማር፣ ማስመሪያና ስልክ ይበቃል። ከታች በኩል በጋለ ሚስማር ይብሱት። ከቀዳዳው በላይ 16፣ 9፣ 4 እና 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ያድርጉ። ክዳኑ ክፍት ይሁን።

ውሃው ከመለቀቁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። እባክዎ ይሄን አይዝለሉት። አብዛኛው ውሃው በእኩል ፍጥነት የሚወርድ ይመስለዋል። ሲለካ ግን ከ16 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 1 ለመውረድ የሚፈጀው ጊዜ ተቀራራቢ ይሆናል። ርቀቱ 7፣ 5፣ 3 ሆኖ ሳለ! ምክንያቱም ውሃው የሚወጣበት ፍጥነት የሚወሰነው ከቀዳዳው በላይ ባለው ከፍታ ስኩዌር ሩት ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ያሳተመው ሕግ ነው። ከፍታውን በጊዜ ግራፍ ሲሠሩት ኳድራቲክ ይወጣል።

መጨረሻ ላይ ውሃው መንጠባጠብ ሲጀምር ሞዴሉ ይስታል። ለምን እንደሳተ እንዲከራከሩ ይተዋቸው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ሰዓት እሱ ነው። ለ60 ተማሪ 10 ሃይላንድ ይበቃል።

ወላጅ፣ ለገጣፎ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃታል። ጊዜዋን አያባክንባትም?

እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈተናው ከቀረበ ያባክንባታል። አሁን ጥያቄ ትሥራ። የዚህ ጊዜው 9ኛና 10ኛ ክፍል ነው።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቡራዩ፦ ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ስለሱ መሥራት እችላለሁ?

ጎበዝ፣ ግሩም ርዕስ ነው! ከጣሪያችሁ የሚጠራቀመውን የዝናብ ውሃ በማስላት ጀምሪ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 40 ካሬ ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰጣል። ጣሪያው ዘንበል ስለሚል የቆርቆሮውን ርዝመት አትለኪ፤ የሚሸፍነውን መሬት ለኪ። የሚረጭና ከአሸንዳው የሚያመልጥ ስላለ ለመጀመሪያ ያህል በ0.8 አባዢው። 320 ሊትር፣ ማለትም 16 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀርሻል።

ከዚያ ቤታችሁ በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚጨርስ ሳምንት ሙሉ መዝግቢ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ታኅሣሥ ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ዝናብ የለም። ስለዚህ ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ ክረምቱ ሲወጣ የሞላ 2,000 ሊትር ሮቶ ስንት ቀን ያዘልቃችኋል? ልብስ የሚታጠብበትን ቀን ለብቻው ያዢው፤ አማካዩን ያዛባብሻል።